የሰፈርን ታሪክ በግጥም መጻፍ፦ ከአራዳ እስከ ስድስት ኪሎ

ስለ ፒያሳ ግጥም የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ስለ ራሱ ናፍቆት ጽፎ ይጨርሳል። ምሳሌ ይሁነን፦

ፒያሳ ፒያሳ፣ የፍቅሬ ከተማ፣
ናፍቆትሽ ገደለኝ፣ ሆኖብኝ ጨለማ።

ቤቱ ይመታል፣ ምጣኔውም አልተዛነፈም። አሁን «ፒያሳ» የሚለውን አውጥተው «ሐዋሳ» ይበሉበት። ግጥሙ አንድ ፊደል እንኳ ሳይነቀነቅ ሐዋሳ ገባ። ስለዚህ መጀመሪያውኑም ፒያሳ ውስጥ አልነበረም። ይህን «የስም ልወጣ ፈተና» እንበለው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይህን ፈተና ለማለፍ ነው፤ ግጥሙ ከቦታው ሲነቀል እንዲሞት ማድረግ።

ቦታውን ማጥበብ

«አዲስ አበባ» ለአንድ ግጥም ሰፊ ነው፤ «ፒያሳ»ም ሰፊ ነው። ልኩ አንድ ሰው ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ የሚደርስበት ነው። የምኒልክ ሐውልት ካለበት አደባባይ እስከ ጊዮርጊስ ቅጥር በር ያለው ይበቃል። ጣይቱ ሆቴልና ደጁ ይበቃል። ራስ መኮንን ድልድይ ከነቁልቁለቱ ይበቃል። ከ16 እስከ 24 ስንኝ ያለው ግጥም ከዚህ በላይ ሲጫኑት ወደ ዝርዝር ይወርዳል። ስም በስም ላይ ይደረደራል፣ አንባቢም የመንገድ ምልክት እንደሚያነብ ሰው ይሆናል።

ለአንድ ግጥም ልከኛ በጀት ይህ ነው፦ አንድ ቦታ፣ አንድ የተቆረጠ ቀን፣ ቢበዛ 3 የተጸውዖ ስም፣ በየሁለት ስንኙ አንድ ተጨባጭ ነገር። ከዚህ ያነሰ ይቻላል። የበለጠ እንደሆነ ግን ሁለት ግጥም አድርገው ይክፈሉት።

ቦታ ሲመርጡ ታሪክ የበዛበትን ሳይሆን ታሪክ የተደራረበበትን ይፈልጉ። ስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግቢው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያ ነው። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው በዚያው ሕንፃ ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ፋሺስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን ዓመታት ለመቁጠር የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። የጠላትን የዘመን መቁጠሪያ ረግጦ የተቀመጠ አንበሳ! ቅኔው በድንጋይ ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ገጣሚው መግለጫ ሊጨምርበት አይገባም። ስለዚህ ደረጃ የሚጽፍ ሰው ሄዶ ደረጃዎቹን በራሱ እግርና በራሱ ጣት ይቁጠር። የቁጥሩን ልክ ከወሬ ወስዶ የጻፈ፣ ቆጥሮ የሚያውቅ አድማጭ ፊት ያፍራል።

ስሙን መፈልፈል

ከታሪክ መጽሐፍ በፊት የሰፈሩን ስም ይያዙ። በመሐል አዲስ አበባ ስም ራሱ መዝገብ ነው፤ ማን እንደ ሰየመው ሲታወቅ ዘመኑም አብሮ ይታወቃል።

ጣሊያን የተወው ስም አለ። ፒያሳ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው፤ «ፒያሳ አደባባይ» የሚል ስንኝ «አደባባይ አደባባይ» እንዳለ ይቆጠራል። መርካቶም ገበያ ማለት ስለሆነ «የመርካቶ ገበያ» እንደዚያው ነው። ካዛንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች የመጣ ነው፤ «ካዛ» ቤት ሲሆን «ኢንቺስ» ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት ምኅጻረ ቃል ነው። ከፈረንሳይኛ የመጣ ደግሞ ለገሀር አለ፤ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ከሰው ስም የመጣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ከሙያ የመጣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ከወደቀ ዕቃ የመጣ ሰባራ ባቡር አለ። እሪ በከንቱ ደግሞ ሌሊት ተዘርፎ ለሚጮህ ሰው ደራሽ ያልነበረበት ቁልቁለት ነው ተብሎ ይተረካል።

ከሁሉም በታች አራዳ አለ። ገበያው ጊዮርጊስ አጠገብ በነበረበት ዘመን የከተማው ልብ አራዳ ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወሩት። «አራዳ» የሚለው ቃል ግን በሰው ጠባይ ላይ ቀረ፤ ነቃ ያለ፣ ከተሜ፣ የማይሞኝ ማለት ሆነ። ገበያ ሄዶ ጠባይ የቀረበት ቦታ ለግጥም ሀብት ነው። ከላይ ያነሣነውን የናፍቆት ግጥም በዚህ እንተካው፦

ገበያው ሄደና፣ ስሙ ብቻ ቀረ፤
ያራዳው ሚዛንም፣ መርካቶ አደረ።

እዚህ ሐዋሳን ማስገባት አይቻልም። ናፍቆት የሚለው ቃል አልተጠራም፤ ሚዛኑ ግን ሌላ ቤት አድሯል፣ የቀረውን አንባቢው ይጨርሰዋል።

በተግባር እንዲህ ይሥሩ። በአንድ ገጽ ላይ የቦታውን ስም መሐል ይጻፉ፤ ዙሪያውን ስሙ በአማርኛ የሚሰጠውን ፍቺ ሁሉ፣ በተሳሳተ ሰሚ ጆሮ የሚሰጠውንም ጭምር፣ ይደርድሩ። ከዚያ ከቦታው ታሪክ ጋር የሚጋጨውን ወይም የሚገጥመውን ያክብቡ። ስሙ የባዕድ ቋንቋ ከሆነና ምንም ፍቺ ካልወለደ አይጨነቁ፤ ከበታቹ ያለውን የቀድሞ ስም ይፈልጉ።

መረጃ፦ በእግር፣ በጆሮ፣ በወረቀት

ደብተሩን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት፤ የታየ፣ የተሰማ፣ የተጻፈ። ይህ ለሥርዓት ተብሎ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ግጥሙ ውስጥ ግሱን የሚወስነው ዓምዱ ነው። ያዩትን «አለ»፣ «ቆሟል» ይሉታል። የሰሙትን «ይሉ ነበር»፣ «ይባላል» ይሉታል። የተጻፈውን በቀኑ ያስሩታል። ዓምድ የተምታታበት ግጥም ሲነበብ ውሸት ይሸታል፤ አድማጩ የቱ ጋ እንደሆነ ባያውቅም ይሸተዋል።

ለማየት የሚበቃው ሁለት ጉዞ ነው፤ አንዱ ሱቆች ሲከፈቱ፣ አንዱ ሲመሽ። በየጉዞው 2 ሰዓት ያህል ይቁሙ እንጂ አይዙሩ። እርሳስ ይያዙ፤ በሐምሌ ዝናብ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ይደማል። የሚጻፈው ስሜት ሳይሆን ነገር ነው፦ የበረንዳው እንጨት፣ የቆርቆሮው ዝገት፣ የተነቀለ የቤት ቁጥር፣ የደወሉ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ። ፎቶ ሲያነሡ አራት ኪሎ ቤተ መንግሥት አካባቢ ካሜራም ስልክም ከኪስ አይውጣ።

ከሰው ለመስማት አመቺው ሰዓት ረፋድ ላይ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ቀርበው «እንደምን አደሩ ጋሼ»፣ «እንደምን አደሩ እትዬ» ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ በዕድሜ ከገፉ «አባባ»፣ «እማማ»። በመጀመሪያው ቀን መቅጃ አይምዘዙ። «የሰፈሩን ታሪክ ይንገሩኝ» ብለውም አይጠይቁ፤ ይህን የሰማ ሽማግሌ ከሬዲዮ የሰማውን ይነግርዎታል። ይልቅስ፦ ይህ ቤት ከመድኃኒት ቤቱ በፊት ምን ነበር? ዳቦ የምትገዙት ከማን ነበር? የእድሩ ድንኳን የት ይተከል ነበር? ውኃ ሲጠፋ ወዴት ትወርዱ ነበር? ማታ ስንት ሰዓት ላይ መንገዱ ይፈራ ነበር? በየጥያቄው አንድ ዕቃና አንድ የሰው ድርጊት ይወጣል፤ ግጥም የሚሠራው በእነዚህ ነው።

አንድ ሒሳብ አይርሱ። ዛሬ 80 ዓመት የሞላው ሰው የተወለደው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ስለ የካቲት 12 የሚነግርዎት ከእናቱ የሰማውን ነው። ወርቅ ነው፣ ግን ዓምዱ «የተሰማ» ነው። «አያቴ በዓይኑ አይቶ ነገረኝ» ለማለት የአያትዎን ዕድሜ አስቀድመው ይደምሩ።

ለተጻፈው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ይሂዱ፤ የቆዩ ጋዜጦች አሉ። ከ1917 ጀምሮ የነበረው ብርሃንና ሰላም፣ ከ1933 ጀምሮ አዲስ ዘመን። ከዜናው ይልቅ ማስታወቂያው ይጠቅማል፤ የሱቅ ስም፣ የዕቃ ዋጋ፣ የቤት አድራሻ አነጋገር እዚያ ነው ያለው። ስድስት ኪሎ የጥናትና ምርምር ተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ለጥንት ፎቶና ለካርታ ይመረጣል። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ቁጭ ብሎ ለመጻፍ ምቹ ነው።

የዘመን ወጥመድ

በዚህ ዓይነት ግጥም ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረው ስሕተት የቀን ስሕተት ነው፤ የሚመጣውም ከአቆጣጠር መደባለቅ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የፈረንጁ ዓመት ከእኛ በ7 ይበልጣል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን በ8። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1930፣ ልዩነቱ 7። አቡነ ጴጥሮስ የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1936፣ ልዩነቱ 8። ከውጭ መጽሐፍ «1936» የሚለውን አይቶ ሳይለውጥ የጻፈ ገጣሚ ጳጳሱን ጣሊያን ከወጣ ከ3 ዓመት በኋላ ያስገድላቸዋል። ሁሉንም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጠው በደብተሩ አንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ፤ ከዚያ ገጽ ውጭ ካለ ምንጭ በቀጥታ ወደ ግጥም አይጻፉ።

አቆጣጠሩ የሚሰጠው ስጦታም አለ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933። አንድ ቀን፣ አምስት ዓመት። የአራት ኪሎን የድል ሐውልት የሚጽፍ ሰው ይህን ግጥምጥሞሽ ሳይነካ ማለፍ የለበትም፤ «ድንቅ አጋጣሚ» ብሎ ግን አይተንትን። ሁለቱን ጠዋት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ከእውነት ጋር የሚነካካ ሌላም ነገር፦ ምን ያህል መፍጠር ይፈቀዳል? ልኩ ይህ ነው። ሐምሌ ክረምት ስለሆነ «በክረምት» ማለት እውነት ነው። «ያን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር» ማለት ግን ምስክር ይፈልጋል። ሰው ሲሞት የአየሩን ጠባይ ከራስ ማዋጣት ቀላል ስለሆነ ሁሉም ያደርገዋል፤ እርስዎ ግን አያድርጉት። እንደዚሁ ሐውልት የቆመበት ቦታ ሁሉ ድርጊቱ የተፈጸመበት ነጥብ ነው ብለው አይነሡ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ራሱ ለቀላል ባቡሩ ሥራ ተነሥቶ ኋላ የተመለሰ ነው።

ምጣኔ፦ ፊደል አይቆጠርም

የአማርኛ ግጥም የሚለካው በቀለም ነው፤ ማለትም አፍ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደሚዘጋ። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ ከፊተኛው ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ፊደል የቆጠረ ይሳሳታል። «ራስ መኮንን ድልድይ» 10 ፊደል ነው፤ ቀለሙ ግን 6 ነው፦ ራስ - መ - ኮን - ንን - ድል - ድይ። መቁጠር ያቃተው ሰው መዳፉን አገጩ ሥር አድርጎ ቀስ ብሎ ይናገር፤ አገጩ የወረደበትን ይቁጠር።

ስንኝ በመሐል ዐረፍት ለሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ «አራት በአራት» ሲባል በየሐረጉ 4 ቀለም ማለት ነው። ለጀማሪ ሦስት መልክ ይበቃል። ቡሄ በሉ አራት በአራት ነው፤ ለሰፈር ልጆች ጨዋታ፣ ለሩጫ ይሆናል፣ ታሪክ ግን ሲጭኑበት ይቀልበታል። ሰንጎ መገን አምስት በአምስት ነው። የወል ቤት ስድስት በስድስት ሲሆን ለትረካ ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሚታወቅበት ስምንት በስምንትም አለ፤ ትንፋሹ ረጅም ስለሆነ ልምድ ይጠይቃል፣ ባዶ ቃል መሙያ የሚበዛውም እዚያ ላይ ነው።

የትኛውን ልምረጥ ለሚል ሰው መልሱ ስሙ ውስጥ አለ። የሰፈሩን ስም ይቁጠሩ። ሠራተኛ ሰፈር፦ 6። ደጃች ውቤ ሰፈር፦ 6። ዶሮ ማነቂያ፦ 6። ራስ መኮንን ድልድይ፦ 6። የፒያሳ ዙሪያ በየወል ቤት ራሱን የሰየመ ይመስል፣ እያንዳንዱ አንድ ሙሉ ሐረግ ነው። እሪ በከንቱና ሰባራ ባቡር ግን 5 ስለሆኑ ሰንጎ መገን ይጠራሉ። ፒያሳ፣ አራዳ፣ ካዛንቺስ፣ ለገሀር 3 ናቸው፤ የወል ቤት ሐረግ ግማሽ ይሞላሉ። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ 4 ናቸው፤ ስድስት ለመሙላት ሁለት ቀለም ይለምናሉ፦ «አራት ኪሎ ቆሞ»፣ «ስድስት ኪሎ ማዶ»።

ቀንም እንደዚሁ ይቆጠራል፤ ጀማሪ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። «ሐምሌ ሃያ ሁለት» 6 ነው፤ የወል ቤት ሐረግ ሆኖ ተወልዷል። «የካቲት ዐሥራ ሁለት» 7 ነው፤ በስድስት ሐረግ ውስጥ ከገባ ያነክሳል። መፍትሔው ቀኑን ለሁለት ሐረግ መክፈል ነው፦ «በየካቲት ወር፣ ባሥራ ሁለት ቀን»፤ አምስት በአምስት ሆኖ ቁጭ ይላል። «ሚያዝያ ሃያ ሰባት» ሲዘረዘር 7 ነው፤ «ሚያ»ን በአንድ ትንፋሽ ካሉት 6 ይሆናል። እንዲህ የሚለጠጡ ድምፆች፣ ሚያ፣ ሊያ፣ ሲያ፣ በጆሮ ይወሰናሉ፤ በአንዱ ስንኝ ያጠበቁትን በሌላው አይለጥጡ። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ ለመጥራት አይሞክሩ፤ «ዘጠኝ መቶ ሃያ ዘጠኝ» ብቻውን 8 ቀለም ይበላል። ዓመቱን ከርእሱ ሥር ይጻፉት።

ቤት መምታት

ሙሉ ቤት የሚባለው የመጨረሻው ፊደል ራሱ ሲደገም ነው፤ «ቀረ» ከ«አደረ»። መጨረሻው ሳድስ ከሆነ እሱ ብቻ አይበቃም፣ ከፊቱ ያለው ፊደል ድምፅም መግጠም አለበት። «ቤት» ከ«ሌት» ጋር ይመታል፤ «ቤት» ከ«ሞት» ጋር ግን በዓይን ይመታል እንጂ በጆሮ አይመታም።

ርካሽ ቤት የሚመጣው ከግስ ጅራት ነው። ስንኙን ሁሉ በ«-ሁ»፣ በ«-ኩኝ»፣ በ«-ነበረ» መዝጋት ለማንም ይቻላል፤ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ አድማጩ አራተኛውን ቀድሞ ይለዋል። በአንድ ግጥም አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል።

አንድን ቃል ከራሱ ጋር ቤት ማስመታት እንደ ድክመት ይታያል። አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለ፤ ፍቺው ከተለወጠ። ይህን ይመልከቱ፦

ሐምሌ ሃያ ሁለት፣ ሊገድሉት አቆሙት፤
ኋላም ወገኖቹ፣ ሊያስቡት አቆሙት።

የመጀመሪያው «አቆሙት» በጥይት ፊት ነው፤ ሁለተኛው ሐውልት ነው። አንድ ግስ ገዳይንና አክባሪን አንድ ቦታ ላይ አገናኘ። የሚያበሳጭ ነገር ቢኖር እዚህ ላይ «የሚያሳዝን» የሚል ቅጽል የሚጨምር ገጣሚ መብዛቱ ነው። ጳጳሱን በአንተታ መጥራቱ በግጥም የተለመደ ነው፤ ቢከብድዎ ግን «አቆሟቸው» ብለው አይጠግኑ፣ ቀለሙም ድርብ ፍቺውም ይበላሻል። ሌላ ስንኝ ይፈልጉ።

ሰሙ ስሙ ነው

ሰምና ወርቅ ለሰፈር ግጥም የተፈጠረ ይመስላል፤ ሰሙን ከየትም ማምጣት አያስፈልግም፣ ታፔላው ላይ ተጽፏል። ገጣሚው የሚያዋጣው ወርቁ የሚወጣበትን ሁኔታ ነው። ነዋሪው የተነሣበትን ሰፈር በሰንጎ መገን፦

እሪ በከንቱ፣ ብዬ ጠራሁ፤
አቤት ባይ ሳጣ፣ ወርቁን አየሁ።

ስሙን ጠራ፣ ማንም «አቤት» አላለም፤ ስለዚህ ጩኸቱ በከንቱ ሆነ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤት ስለፈረሰ፣ ይህን መሰል ግጥም በየመድረኩ ይሰማል። አብዛኛው ከመጀመሪያው ስንኝ ያለቅሳል። ልቅሶ ሲቀድም ሰሙ ይቀልጣል፤ ወርቅ የሚፈስበት ቅርጽ አይኖርም። ስሙን በመጀመሪያ እንደ ዋዛ ይጥሩት፣ በኋላ ይክበድ።

ጥብቀትና ላልቶ መነበብም እዚህ ይሠራሉ፣ ያጠምዳሉም። «ሰፈሩ አለ» ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱም አብረው ይቀመጣሉ፤ በመድረክ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ድርብ ፍቺው በጥብቀት ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ግጥሙ ለንባብ እንጂ ለመድረክ አይሆንም፤ ወይም ስንኙን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ አጥብቀው አንዴ አላልተው ያንብቡት።

ረቂቁን መግረፍ

የመጀመሪያውን ረቂቅ በአንድ ቁጭታ ይጻፉና ለሦስት ቀን ይተዉት። ሲመለሱ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው እነዚህን ያድኑ፦ ትዝታ፣ ናፍቆት፣ ታሪካዊ፣ ጥንታዊ፣ ድንቅ፣ ውብ፣ ዘመን አይሽሬ። በሙሉ ግጥሙ ከእነዚህ አንድ ይፈቀዳል። በተሰረዘው ቦታ ከ«የታየ» ዓምድ አንድ ዕቃ ይግባ።

ቀጥሎ ግሶቹን ብቻ ነጥለው ይጻፏቸው። አብዛኞቹ «ነበር» ከሆኑ ግጥሙ ቆሟል ማለት ነው። የምኒልክን ሐውልት እንውሰድ። በ1923 ቆመ፤ ጣሊያኖች ነቅለው ቀበሩት፤ ከድል በኋላ ወጥቶ ተተከለ። ይህ ታሪክ ሁለመናው ግስ ነው፤ «ታላቅ ሐውልት ነበር» ብሎ ማሳለፍ ማባከን ነው፦

ፈረሱን ከነሰው፣ አፈር አለበሱት፤
ቀኑ ሲገለበጥ፣ ልጆቹ አነሡት።

ከ«ቀበሩት» ይልቅ «አፈር አለበሱት» ያልነው ለምጣኔ ብቻ አይደለም፤ ሐውልት ሲመረቅ ልብስ ይገለጥለታልና፣ ያን የገለበጠ ቃል ስለሆነ ነው።

ከዚያ የስም ልወጣ ፈተናውን በየሁለት ስንኙ ያካሂዱ። ሙሉ ግጥሙ አልፎ አንዱ ጥንድ ስንኝ ብቻ ከወደቀ፣ ብዙ ጊዜ የወደቀው የመጨረሻው ነው፤ ገጣሚው ሲደክመው ምክር ይጀምራልና። ያን ጥንድ ይቁረጡ። በአብዛኛው ግጥሙ ከዚያ በፊት አልቋል።

በመጨረሻ ከሰፈሩ ሰዎች ላንዱ ያንብቡለት። «ቆንጆ ነው» ካለዎት አልጠቀመዎትም። «ኧረ ያ ሱቅ በግራ ነው የነበረው!» ብሎ ከተቆጣ ግጥሙ ቦታው ላይ ደርሷል፤ ግራውን አስተካክለው ይሂዱ።

ማንበብ

24 ስንኝ የወል ቤት 288 ቀለም ነው፤ በረጋ ንባብ፣ በየሐረጉ ትንሽ ዐርፈው፣ 2 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ግጥም በጃዝ መድረክ ላይ ከሆነ ለሙዚቃው መግቢያ ሌላ ግማሽ ደቂቃ ይያዙ፤ ለተጫዋቾቹም አምስት በአምስት ይሁን ስድስት በስድስት አስቀድመው ይንገሯቸው፣ ካልሆነ ዐረፍትዎ ላይ ከበሮው ይገባል። በክራር ከሆነ ሰንጎ መገን ይቀላል።

ቦታው ላይ ቆመው ሊያነቡ ካሰቡ ጊዮርጊስ አደባባይ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በታክሲ ጥሩምባና በረዳት ጥሪ ስለሚዋጥ እሑድ ረፋድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ይሻላል። ከግጥሙ ግርጌ ቦታውን ያዩበትን ወርና ዓመተ ምሕረት ይጻፉ፦ «አራዳ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.» ብሎ። በዚህ አካባቢ በመጋቢት የነበረ በረንዳ በሰኔ ላይኖር ይችላል፤ «አለ» ያሉት ግስ ልክ የሚሆነው በዚያ ቀን ብቻ ነው።